ከመሸ በኋላ ከጣና ዳር በመንጠቆ ማጥመድ፦ ምን ይያዛል? የት ይኬዳል?

ተዛዋሪው

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ ባሕር ዳር በሥራ ተዛውሬ የመጣሁ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ውስጥ ስለምውል ሐይቁን የማገኘው ከመሸ በኋላ ብቻ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እተኛለሁ፤ እርሱን አትቁጠሩብኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ታላቅ ወንድሜ ነው። የሚኖረው ሚኒሶታ ነው። ሰሞኑን በላከልኝ ቪዲዮ ላይ ከቤቱ አቅራቢያ ያለች ኩሬ በረዶ ሆና፣ እርሱ በረዶውን በስቶ፣ በድቅድቅ ጨለማ ክንድ በማታህል ዘንግ ዓሣ ሲያወጣ ይታያል። ከሥሩ «አንተ ጣናን የሚያህል ውኃ ደጅህ ተኝቶ ቴሌቪዥን ታያለህ» ብሎ ጽፎበታል። ከነከነኝ።

ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። ማታ በመንጠቆ ምን ይያዛል? ምግብ ቤት የምንበላው ቆሮሶ ይገኛል? አርባ ምንጭ ሄጄ ያየሁት፣ ለሁለት የሚሸከሙት ናይል ፐርችስ ጣና ውስጥ አለ? ወደብ አካባቢ ያገኘሁት አንድ ወጣት ደግሞ ማታ በታንኳ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አቅጣጫ ልውሰድህ፣ እዚያ ዓሣው ለጉድ ነው ብሎኛል። ልመነው? የዘጠኝ ዓመት ልጄም «እኔም እሄዳለሁ» ብሎ ይዞኛል። ስለ ጉማሬም በግልጽ አስረዱኝ፤ እኛ አገር የምንፈራው ብርድን ብቻ ነበር።


መረብ ጠጋኙ

እንኳን ወደ ባሕር ዳር በሰላም መጣህ ልጄ። እኔ ጡረታ ወጥቼ የሰው መረብ ከመጠገን በቀር ሥራ የለኝም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ።

ከሁሉ በፊት ታንኳውን ተወው። ወጣቱ ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ገንዘብ ይፈልጋል፣ አንተም ለአገሩ እንግዳ ነህ። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስለምታሞቀው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይመጣል፤ ማዕበሉም ወደ ዳር ይገፋል። ሲመሽ መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ይቀዘቅዝና ነፋሱ ይገለበጣል፤ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ዳር ለተቀመጠ ሰው ጉንጩ ላይ እንኳን የማይሰማው ነፋስ ታንኳዋን ቀስ እያደረገ ወደ መሐል ይወስዳታል፤ በጨለማ ደግሞ መራቅህን የምታውቀው የከተማው መብራት ካነሰ በኋላ ነው። ታንኳ የደንገል ሥራ ናት። ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ ዳር ወጥታ ካልደረቀች ዕድሜ የላትም። ለነገደ ወይጦ ሰዎች፣ ራሳቸው አስረው ለሚሠሯትና ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሚቀዝፏት፣ ከእርሷ የተሻለ የለም። አንተ ግን ሚዛንህን ስታጣ የምትይዘው ጠርዝ እንኳን የላትም።

በዚያ ላይ ደብረ ማርያም ያለችው አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ነው፤ ጉማሬ የማይጠፋበት ቦታ ነው። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከጉማሬ በላይ ተቀምጦ ለሚቀዝፍ ሰው ግን ጥልቀቱ ማነሱ ይብስበታል እንጂ አይጠቅመውም፤ እንስሳው ከሥሩ የሚሄደው መሬት እየረገጠ ነውና።

ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ይወድቃል፤ ከታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል ሊወጣው አይችልም። አጥኚዎች ላቤዮባርበስ የሚሉት የእኛ ነጭ ዓሣ ለብቻው እዚሁ ተራብቶ ብዙ ዓይነት የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። አጥኚዎች ከ15 የማያንሱ፣ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች ቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። የሚደንቀኝ ነገር ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። በድዱ ነው የሚያድነው!

ቆሮሶ የቀን ዓሣ ነው። በዓይኑ አይቶ ይመገባል፤ ሲጨልም ዳር ዳር ይዞ ዝም ይላል። በመረብ ማታ የሚያዘው ሲንቀሳቀስ ስለሚገባበት ነው፤ በመንጠቆ ግን ማታ ቆሮሶ እጠብቃለሁ የሚል ሰው ወንበር ይዞ ይምጣ። ማታ የሚመጣልህ አምባዛ ነው። አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው፣ ዓይኑ ትንሽ ናት፤ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተትና በመዳሰስ ስለሆነ ጨለማ አያግደውም። ቀን ከደንገል ሥርና ከጥልቁ ውሎ ሲመሽ እስከ ጉልበት ወደሚደርስ ውኃ ይወጣል። ስለዚህ ራቅ አድርጎ መወርወር የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል እንጂ ዓሣው ያለው ከእግርህ አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ጉማሬው። ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፣ ሲግጥ አምሽቶና አድሮ ጎሕ ሳይቀድ ይመለሳል። የሚመላለሰው በራሱ መንገድ ነው፤ መንገዱን ሳያውቁ ከዳር የሚቀመጡ ናቸው የሚጎዱት። ቅዳሜ ከሰዓት በፀሐይ ሄደህ እይ። ደንገሉ ወይም ረጅሙ ሣር በር የተከፈተ መስሎ ተከፍሎ ታገኘዋለህ። መሬቱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቦይ አለ፤ የግራና የቀኝ እግሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ በመካከላቸው ሣር ያልተረገጠበት ጉብታ ይቀራል። አጠገቡ ያለው ቁጥቋጦ ላይ ደግሞ በጅራቱ እየመታ የበተነው እበት ደርቆ ተለጥፏል፤ ቁመትህ ድረስ ሊሆን ይችላል። እበቱ ርጥብ ከሆነ ትናንት ማታ አልፏል ማለት ነው። ከዚያ መንገድ ግራና ቀኝ አትቀመጥ። የትም ብትሆን ደግሞ በእርሱና በውኃው መካከል አትገኝ። ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ውኃው ነው፤ አንተም በመንገዱ ላይ ነህ። ባትሪ አብርቼ አባርረዋለሁ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ሲባረር አላየሁም።

ስለዚህ ደንገልና ሣር ያለበትን ዳር ለወፎች ተውላቸው። በድንጋይ የተገነባ፣ ከበስተኋላው ግንብ ወይም አጥር ያለበት፣ መብራትና ዘበኛ የማይጠፋበት ዳር ፈልግ። ከጊዮርጊስ እስከ ወደቡ ባለው በኩል እንደዚህ ያለ ቦታ አታጣም። ዘበኛውን አስቀድመህ አነጋግር፤ ሻይ ጋብዘው። ፈቃድንም ከዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ ዓዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ለባለ መረቡ ብቻ አይደለም። የሰዓት ገደብ በተጣለበት ጊዜ ደግሞ ይህን ሁሉ ረስተህ ቴሌቪዥንህን እይ።

ከዳሩ ሁሉ የሚሻለው ዓሣ ከሚታረድበትና ፊሌቶ ከሚወጣበት ቦታ ትንሽ ወረድ ያለው ነው። የሆድ ዕቃው ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ስለሚወድቅ አምባዛ ቦታውን ለምዶታል። ማባበያህም እርሱ ይሁን፤ አንድ እፍኝ የዓሣ አንጀት ከለመንካቸው አይከለክሉህም። የዶሮ አንጀትም ይሆናል፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይበልጥ ይወደዋል፣ ሚስትህ ግን አትወደውም።

ዘንግ አያስፈልግህም። 0.50 ሚሊ ሜትር የሚሆን የናይለን ክር፣ ጠንካራ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ አንድ እርሳስ። የአምባዛ አፍ አጥንት ነው፤ የደነዘ መንጠቆ ይንሸራተታል፤ በሞረድ ሳለው። ክሩን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ጠምጥመው። እጅህ ላይ በፍጹም እንዳትጠመጥመው፤ ትልቅ አምባዛ ድንገት ሲስብ ክሩ ጣት ይቆርጣል። ከወረወርክ በኋላ ክሩን ጠጠር በተጨመረበት ሁለተኛ ጣሳ ላይ አንድ ዙር አዙረህ ጣሳውን ድንጋይ ላይ አቁመው። መብራትህን አጥፋና አዳምጥ። መጀመሪያ ጠጠሩ ኮሽ ይላል። ይቆማል። እንደገና ኮሽ ይላል። አዲስ ሰው ሁሉ ዓሣውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ይስባል። ገና በጢሙ እየዳሰሰ ነው፣ እጅህን ሰብስብ። ጣሳው ወድቆ መንከባለል ሲጀምር ነው ተነሥተህ የምትስበው፤ ያን ጊዜም ፋታ አትስጠው፣ ድንጋይ ሥር ከገባ አይወጣልህም።

ሲወጣ ደግሞ እንደ ቆሮሶ አትጨብጠው። ከጭንቅላቱ ኋላ በግራና በቀኝ ክንፎቹ ላይ አንዳንድ እሾህ አለው፤ ሲቆጣ ወደ ጎን ገትሮ ይቆልፋቸዋል። መዳፍ የወጋ እንደሆነ ሳምንት ያሳብጣል። ርጥብ ጆንያ ጣልበትና ከእሾሁ ኋላ አንቀህ ያዘው። ከውኃ ወጣ ብለህም አትዘናጋ፤ አየር መተንፈሻ ስላለው ቶሎ አይሞትም፣ በርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ሐይቁ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ጆንያው ውስጥ ከትተህ አፉን እሰረው።

ጨረቃ በሌለችባቸው ሌሊቶች ሂድ። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ያለው ሳምንት ጥሩ ነው፤ ዘግይታ ስለምትወጣ የመጀመሪያው የምሽት ሰዓት ጨለማ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ግን ልመና ነው። በነሐሴና በመስከረም ወደ ጉማራ፣ ወደ ገልዳና ወደ ርብ አፍ ሂድ የሚልህ ሰው አይጠፋም። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዝ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው፤ ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ጎርፍ ይጠብቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጣ ወዲህ እዚያ ላይ ያልተዘረጋ መረብ የለም። እኔም የእነዚያን መረቦች ቀዳዳ እየሰፋሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት፤ ስለዚህ ስንት ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ዓሣ እንደሚወጣባቸው ከማንም በላይ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ቀዳዳው የጠበበ፣ በውኃ ውስጥ የማይታይ ነጭ የፕላስቲክ መረብ መጥቷል። ጠግንልኝ ብሎ የሚያመጣልኝን ሰው እመልሰዋለሁ። ተበጥሶ ሐይቁ ውስጥ የቀረው እንኳን ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ ሲገድል ይኖራል። አንተ ቢያንስ በእነዚያ ሁለት ወራት መንጠቆህን ቤት አስቀምጥ።


ዓሣ ቤቷ

ጋሼ መረብ ጠጋኙ እንደ ሁልጊዜው ጥሩ ብለዋል፤ ስለ ጨረቃው ግን አልስማማም። ባለቤቴ ባለ መረብ ነው። ጨረቃ ስትደምቅ መረብ ባዶ የሚወጣው ዓሣው ክሩን ስለሚያየው ነው። መንጠቆ ላይ ያለ አንጀት የሚያይ ዓሣ ያስፈልገዋል? አሽትቶ ነው የሚመጣው ያሉት ራስዎ ነዎት። የደንበኞቼ ልጆች በጨረቃም ያመጡልኛል።

ወንድሜ ተዛዋሪው፣ ከማጥመድህ በፊት ቤትህን ጠይቅ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የውኃ ፍጥረት አንበላም የሚሉ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው። እናቴ ድስቷን እንኳን አታበድርበትም ነበር። እኔ እሸጠዋለሁ፤ የሚበላው ሰው ደግሞ ከቆሮሶ ያስበልጠዋል፤ ሥጋው ወፍራም ነው፣ የሚያስቸግር ቀጭን እሾህ የለበትም። ቤትህ ካልተቀበለው አንተ ሌሊቱን በብርድ የተቀመጥክለትን ዓሣ ለጎረቤት ነው የምትሸኘው።

የሚበላ ቤት ከሆነ እንዲህ አድርገው። ልጋጉ እስኪለቅ በጨው እሸው፣ እጠበው፣ እንደገና በጨው እሸው። ከዚያ አንገቱን ዙሪያውን በቢላዋ ቆዳውን ብቻ ቁረጥና ጭንቅላቱን በጆንያ ይዘህ ቆዳውን በፒንሳ ወደ ጅራቱ ሳበው፤ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወጣል። ሆዱ አካባቢ ያለውን ቢጫ ስብ አንድም ሳታስቀር አውጣ፤ ሰዎች ጭቃ ጭቃ ይላል እያሉ የሚያሙት በእርሱ ምክንያት ነው። ሎሚ ጨምቀህ ግማሽ ሰዓት አቆየው። ለጉላሽ ሽንኩርቱን በደንብ አብስለህ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፤ ዓሣው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ከተማሰለ ይበታተናል። ወጥ ካልክም በርበሬውን ቀድመህ አቁላላ። ዘይት ይበቃዋል፣ ቅቤ አታባክንበት።

በጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ የያዝከውን አምጣልኝ፤ ያን ጊዜ ዓሣ ፈላጊው ብዙ ነው።


ላብራቶሪ

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ አጭር ነገር ልበል። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ብርሃን ሲያገኝ፣ በተለይ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ማታ ውኃ መንካት ከቀኑ ያነሰ አደጋ አለው። ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ቀን የወጣው ትል ለሰዓታት በውኃው ውስጥ ይቆያል። ሣርና ደለል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፤ ቦቲ ጫማ አድርጉ። ዘወትር የሚያጠምድ ሰው በየጊዜው የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ከተገኘበት መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ይሠራል።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ወባ ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው እናንተ ጣሳ በምታዳምጡበት ሰዓት ነው። እጅጌውና እግሩ ረጅም የሆነ ልብስ፣ ካልሲ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት። ከዚያ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ «ሐይቁ መትቶኝ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ተመርመሩ።


የሚኒሶታው

ያሾፈው ወንድም እኔ ነኝ። ታናሼ ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣዋል ብዬ አልጠበቅሁም።

ጋሼ መረብ ጠጋኙን አንብቤ የእኛ ጨዋታ ምን ያህል የተለየ እንደሆነ ገረመኝ። እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሥራ ወጥቶ የሚያጠምድ ሰው ወደደም ጠላም በጨለማ ነው። እዚህ ዓይናችን ከበረዶው ውፍረት ላይ አይነቀልም። ለእግረኛ ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ነጭ የሆነው በረዶ ጥንካሬው የዚያ ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፍ ይፈለጋል። አንዱ ጥግ ወፍራም ሆኖ ሌላው ጥግ ስስ ሊሆን ስለሚችል እየበሱ፣ እየለኩ ነው የሚሄዱት። አንገታችን ላይ በገመድ የታሰረ ሁለት ሹል ብረት እናንጠለጥላለን፤ በረዶው ቢከዳ ጠርዙን ወግቶ ለመውጣት ነው።

ቀዳዳው ከጠባብ ባልዲ አፍ አይበልጥም፤ በመሰርሰሪያ ይከፈታል፤ ወዲያው ወዲያው ስለሚጋገር በጭልፋ እየቀዳን እናጸዳዋለን። ረጅም ዘንግ የማያስፈልገው ቀጥ ብለህ ከቀዳዳው በላይ ስለምትቀመጥ ነው። ዓሣው ከበረዶው በታች አይቀዘቅዝም? ይሉኛል ኢትዮጵያ ያሉ ሁሉ። ውኃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፣ የበለጠ የቀዘቀዘው ከላይ ቀርቶ በረዶ ይሆናል። ዓሣው ከታች ካለው ከሞቀው ይኖራል፤ ሞቀ ከተባለ። ማታ የምንጠብቀው ዎልአይ የሚባለውን ነው። በዓይኑ ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በጨለማ ያያል፤ ባትሪ ሲበራበት እንደ ድመት ዓይን ያበራል። እንግዲህ የእኔ በዓይኑ፣ የእናንተ በጢሙ።

ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው። በረዶ ላይ ሁለት ክር ይፈቀዳል፤ በሌላው ወቅት አንድ ብቻ። የሚወሰደውም ዓሣ በቁጥር ነው።

አንድ አደጋ ግን ከእናንተ ጋር እንጋራለን። ድንኳን ተክለን ጋዝ ማሞቂያ እናቀጣጥላለን፤ አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰው እንደሚገድለው ሁሉ እዚህም በየዓመቱ ይገድላል። ድንኳኑ አየር ማስገቢያ ሊኖረው ይገባል። ታናሼ፣ አንተ ውጭ ስለምትቀመጥ ከዚህ ነፃ ነህ። ከጉማሬ ግን እኔ ነፃ ነኝ።


ተዛዋሪው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታንኳውን ትቻለሁ። ቅዳሜ ጋሼ እንዳሉት ዳሩን በቀን ሄጄ አየሁት፤ ሁለቱን ቦይ ከአንድ መናፈሻ አጥር ጀርባ አገኘሁት፣ እበቱም ርጥብ ነበር። እዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ።

ባለቤቴን ጠየቅሁ። አምባዛ ቤት አይገባም ብላለች፤ እትዬ ዓሣ ቤቷ ካልጠሉ የያዝኩትን ለእርስዎ አመጣለሁ። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ቀረኝ። መብራት ጭራሽ አላብራ ነው ወይስ ትንሽ? ልጁስ?


መረብ ጠጋኙ

መጀመሪያ ለዓሣ ቤቷ። እቴ፣ የጨረቃዋን ነገር ባለቤትሽ ከመረብ አንጻር ልክ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ብርሃን ሲኖር አምባዛ ወደ ዳር የሚቀርበው ዘግይቶ ነው፣ ከጥልቁ መውጣት አይወድም። ሌሊቱን ሙሉ ለሚቀመጥ ሥራ ፈት ልጅ ልዩነት የለውም፤ ነገ ጠዋት ባንክ ለሚገባ ሰው ግን አለው።

መብራት መንጠቆ ስትጠግንና ዓሣ ስታወጣ ብቻ፤ ያውም ወደ እጅህ እንጂ ወደ ውኃው አይደለም። ወደ ሐይቁ ማብራት ካማረህ አስቀድመህ አንድ ጊዜ አብራና የተጣለ መረብ መኖሩን አረጋግጥ። አመሻሽ ላይ የተጣለ መረብ እስከ ንጋት እዚያው ነው የሚያድረው፤ ተንሳፋፊው ብዙ ጊዜ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው። በዚያ አጠገብ አትወርውር። መንጠቆህ ከያዘው የራስህን ክር ቁረጥ፣ መረቡን አትንካ፤ ከነካኸው የሚጠግነው እኔ ነኝ፣ ማን እንደቆረጠውም አውቃለሁ። እምቦጭ ተንሳፎ ሲመጣም ክርህን ሰብስብ፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳር የከፋ ነው እንጂ ነፋስ ጉማጁን ወደዚህም ያመጣዋል፣ ከተጠመጠመበት ክር አይለቅም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምረህ 3 ሰዓት ላይ ጠቅልል። ጉማሬው ግን ከመሸ ጀምሮ ስለሚወጣ ከተገነባው ዳር አትራቅ።

ልጁን ማታ አታምጣው። ስለ ጉማሬ ብቻ ብዬ አይደለም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጨለማ ዝም ብሎ ጣሳ አያዳምጥም፣ ድንጋይ ይወረውራል። ለእርሱ ቆሮሶ አለለት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳትተኛ ይዘኸው ና፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ሳይነሣ ነው። ከተገነባው ዳር ላይ፣ ውኃው ጠራ ብሎ ድንጋዩ ከታች በሚታይበት። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ ከላዩ የቡሽ ቁራጭ፤ ቡሹ ሲጠልቅ እርሱ ራሱ ያያል፣ ማንም አያስረዳውም። ማባበያው የስንዴ ሊጥ ነው፤ ጠንከር አድርገህ አቡካው፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ብቻ አድርግ፤ ትልቅ ከሆነ ዳር ዳሩን ቆርጦ ይሄዳል። ሊጡ ውስጥ ትንሽ ጥጥ ፈልቅቀህ አብረህ እሸው፤ ያለ ጥጥ ውኃ ሲነካው ከመንጠቆው ይሟሟል።